ከውርደት እስከ ዋንጫ ያሉት 388 ቀናት

የንባብ ክፍል፦ የዮሐንስ ወንጌል 21፥1-19፤ ሮሜ 12፥15



የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የስፖርት ወሬ ነው። ስፖርት የማትከታተሉ ግን ገጹን ቶሎ አትዝጉት፤ ነገሩ በሰው ሁሉ ፊት ወድቆ በማግሥቱ ከአልጋው መነሣት ያለበትን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

እዚህ አሜሪካ በየዓመቱ በማርች ወር የኮሌጅ ወንዶች የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ለአገር አቀፉ ዋንጫ ይጋጠማሉ። ሕዝቡ «ማርች ማድነስ» ይለዋል፤ የማርች እብደት እንደ ማለት ነው። በ2018 የተጠሩት 68 ቡድኖች ነበሩ፤ ቡድኖቹ በአራት ምድብ ተከፍለው በየምድባቸው ከ1ኛ እስከ 16ኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያው ዙር 1ኛው ከ16ኛው ጋር ይገናኛል። የመልስ ጨዋታ የለም፤ ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ድልድል ከተጀመረበት ከ1985 አንሥቶ እስከዚያ የማርች 2018 ምሽት ድረስ 1ኛና 16ኛ የሆኑ ቡድኖች 135 ጊዜ ተገናኝተው ነበር። 135ቱንም ጊዜ ያሸነፉት 1ኛዎቹ ናቸው።

በዚያ ዓመት ከ1ኛዎቹም መካከል ቀዳሚ የተባለው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር። ዓመቱ ሲጀመር ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ በራሱ ሊግ ውስጥ እንኳ 6ኛ ይወጣል ተብሎ ነበር የተገመተው። እርሱ ግን ከ18 የሊግ ጨዋታዎች 17ቱን አሸነፈ፤ የሊጉንም ዋንጫ ወሰደ፤ 31 ጊዜ አሸንፎና 2 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ወደ ማርች ገባ። አጨዋወቱ ዓይን የሚስብ አልነበረም። ዝግ ይላል፣ ኳሱን ደጋግሞ ይቀባበላል፣ ከሁሉም በላይ አጥብቆ ይከላከላል። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ካሉ ቡድኖች ሁሉ በአማካይ ትንሽ ነጥብ የተቆጠረበት እርሱ ነው።

የደረሰው ተጋጣሚ በሜሪላንድ፣ ከባልቲሞር አጠገብ የሚገኘው ዩኤምቢሲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ያ ትምህርት ቤት እስከዚያን ጊዜ ስሙ ይነሣ የነበረው በቅርጫት ኳሱ ሳይሆን በቼዝ ቡድኑ ነበር።

ማርች 16 ቀን 2018፣ አርብ ማታ፣ በሰሜን ካሮላይና ሻርሎት ከተማ ተገናኙ። ከቨርጂኒያ ጥሩ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ዲአንድሬ ሃንተር ከጥቂት ቀናት በፊት የእጁ አንጓ ተሰብሮ አልተሰለፈም። ቢሆንም የሰጋ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው አጋማሽ 21 ለ 21 አለቀ። ከእረፍት መልስ ዩኤምቢሲ 53 ነጥብ አስቆጠረ፤ ጃይረስ ላይልስ የሚባል ተጫዋች በዚያ ምሽት ብቻውን 28 አገባ። ጨዋታው 74 ለ 54 ተጠናቀቀ። በ33 ዓመት ውስጥ ሆኖ የማያውቀው ነገር ሆነ፤ ያውም በመጨረሻ ሴኮንድ ሳይሆን በ20 ነጥብ ልዩነት።

እኛ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የምንኖር፣ አርብ አርብ ማታ በየቤታችን እየተዘዋወርን ቃሉን የምናጠናና የምንጸልይ ጥቂት ቤተሰቦች ነን። በዚያን ዓመት ከልጆቻችን አንዱ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዷ ደግሞ ዩኤምቢሲ ይማሩ ነበር። ጸሎታችንን ጨርሰን ሻይ ስንጠጣ ልጆቹ ቤዝመንት ውስጥ ጨዋታውን ይከታተላሉ። ከታች ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ ልጅቷ እየዘለለች ወጣች፤ ልጁ ግን ከኋላ ቀስ ብሎ መጥቶ በር ላይ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

በዕድሜ የገፉት አባታችን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?»

«ተሸነፍን አባባ። በታሪክ ሆኖ የማያውቅ ሽንፈት ነው።»

«አሠልጣኙስ ምን አለ?»

ልጁ ግራ ገባው። «ምን ይላል ብለው ነው አባባ? ተሸነፈ እኮ።»

«ያሸነፈ ሰው የሚናገረውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ መስማት የምፈልገው የተሸነፈው ያለውን ነው።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፤ እየተረጎመም ነገራቸው። አሠልጣኙ ቶኒ ቤኔት ይባላል። ገና የሜዳው ጩኸት ሳይበርድ ማይክ ፊት ቀርቦ አሸናፊዎቹን አመስግኗል። በዳኛ አላመካኘም፤ በተጎዳው ተጫዋቹ አላመካኘም። ከእኛ ተሽለው ተጫውተዋል አለ፤ ወደ ሜዳ የሚገባ ሰው ይህም ሊደርስበት እንደሚችል አውቆ መግባት አለበት አለ። ከዚያም ካይል ጋይንና ታይ ጄሮምን፣ ሁለቱን ወጣቶች፣ ከጎኑ አድርጎ ለጋዜጠኞች ጥያቄ ተቀመጠ። አባታችን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ሰው ቤቱ የተሠራው ዝናቡ ሳይመጣ ነው» አሉ። ከዚያም ልጅቷንም ልጁንም ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡና አንዷን «እንኳን ደስ አለሽ»፣ አንዱን «አይዞህ» አሉ። ሐዋርያው በሮሜ ምዕራፍ 12 ደስ ካላቸው ጋር ደስ መሰኘትን፣ ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስን በአንድ ትንፋሽ ያዘዘው፣ ሁለቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ሶፋ ላይ ስለሚቀመጡ ይሆን?

ከዚያ ምሽት በኋላ ስለዚህ አሠልጣኝ የማወቅ ፍላጎት አደረብን። ቶኒ ቤኔት ክርስቲያን ነው፤ እምነቱንም አይደብቅም። አባቱ ዲክ ቤኔትም አሠልጣኝ ነበሩ፤ በ2000 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲን ቡድን እስከ ግማሽ ፍጻሜ አድርሰዋል። ቡድናቸውን ከመጽሐፍ ቅዱስ በወሰዷቸው አምስት ምሰሶዎች ላይ ያቆሙ ነበር፤ ልጃቸውም ወረሳቸው። ትሕትና፣ ጽኑ ትጋት፣ አንድነት፣ አገልጋይነት፣ አመስጋኝነት። የቨርጂኒያ ቡድን ተጫዋች የሆነ ሁሉ፣ አማኝ ይሁን አይሁን፣ እነዚህን አምስት ቃላት ያውቃቸዋል።

ምሰሶ የሚፈተነው ጣሪያው ሲከብድ ነው። ከሽንፈቱ በኋላ የሆነው ቀላል አልነበረም። አገር ሳቀባቸው። ተጫዋቾቹ የግድያ ዛቻ ሳይቀር ደረሳቸው። ካይል ጋይ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በፌስቡክ ገጹ ላይ ከጭንቀት ጋር ስለሚያደርገው ትግል በግልጽ ጻፈ። በዚያ ላይ ያንን ምሽት ሆን ብሎ ዓይኑ ፊት አኖረው፤ ዩኤምቢሲዎች ሲፈነጥዙ እርሱ አቀርቅሮ የሚታይበትን ፎቶ ወስዶ የራሱ ገጽ ምስል አደረገው።

ቤኔትም ነገሩ እንዲረሳ አልሞከረም። ከአዲሱ የውድድር ዘመን በፊት ባለቤቱ ያሳየችውን አንድ ንግግር ለቡድኑ አሳየ፤ ዶናልድ ዴቪስ የተባለ ተረት ነጋሪ ያቀረበው ነው። የንግግሩ ሐሳብ፣ መከራን በአግባቡ ከያዝነው በሌላ መንገድ ፈጽሞ ወደማንደርስበት ስፍራ ያደርሰናል የሚል ነው። ዓመቱን ሙሉ በሄዱበት ከተማ ሁሉ ጋዜጠኞች ስለ ዩኤምቢሲ ይጠይቋቸው ነበር። እነርሱም መለሱ። አልሸሹም፣ አልተቆጡም።

ወገኖች፣ እኛ የመጣንበት ባህል ለዚህ ነገር ቀላል አይደለም። ገመናን መሸፈን ያስከብራል፤ የወደቀ ሰው ወሬው እስኪረሳ ድረስ ከሰው ዓይን ዞር ማለት ይመርጣል። በብዙ ጉባኤዎችም የምስክርነት ሰዓት የሚሰጠው ሥራ ላገኘው፣ መኖሪያ ፈቃዱ ለመጣለት፣ ከሕመሙ ለተፈወሰው ነው። እነዚህን ምስክርነቶች እንወዳቸዋለን፤ ስለ እነርሱም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን የተጸለየለት ነገር ያልሆነለት ወንድም በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ ምን እያሰበ ይቀመጣል? አንዳንዱስ በሚቀጥለው ሳምንት ጨርሶ አይመጣም።

ከመካከላችን አንዲት እህት አለች፤ ፈቃድዋን ጠይቀን ነው የምንጽፈው። ቀን እየሠራች፣ ማታ እየተማረች የነርስነት ትምህርቷን ጨረሰች። የሥራ ፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃ ነበር። ለሦስተኛው ኅብረቱ በሙሉ ጾመ፣ ጸለየ፤ አንዳንዶቻችን በፈተናው ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስደን ተንበርክከን ዋልን። ውጤቱ የመጣው በዚያው በ2018፣ ከቨርጂኒያ ሽንፈት ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። አላለፈችም።

አርብ ማታ መጣች። የምስክርነት ሰዓት ሲሆን እጇን አወጣች። «ውጤቴን ሁላችሁም እየጠበቃችሁ ነው» አለች። «ወድቄያለሁ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ግን ያ አሠልጣኝ ትዝ አለኝ፤ ተሸንፎም ማይኩ ፊት የቆመው። እኔም ልቆም መጣሁ። ጌታ አልተወኝም።» ሌላ ነገር አልጨመረችም። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያም አባታችን «ይህ ምስክርነት ነው» አሉና እልል በሉ አሉን። እልል አልን፤ እያለቀስን። ከዚያ አርብ ጀምሮ በኅብረታችን ያልተከፈተ በር ያለበትም ሰው ይመሰክራል። የጥገኝነት ጉዳዩ ውድቅ የሆነበት ወንድም፣ ልጃቸው ቤት ጥሎ የወጣባቸው ወላጆች፣ ሱቁን የዘጋው ሰው፣ ሁሉም በተራው ቆሟል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓመት እንሂድ።

በ2019 ቨርጂኒያ ዳግመኛ 1ኛ ሆኖ ወደ ማርች ገባ። የመጀመሪያ ተጋጣሚው፣ ደረጃው 16ኛ፣ ከባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው የጋርድነር ዌብ ዩኒቨርሲቲ ነበር። (ጌታ የአንድ ወገን ደጋፊ ነው የሚል ሰው ካለ፣ በዚያ ቀን በሁለቱም በኩል የሚጸልዩ ሰዎች እንደነበሩ ያስብ።) በመጀመሪያው አጋማሽ ቨርጂኒያ በ14 ነጥብ ተመራ። በቴሌቪዥን የሚያዩት ሁሉ ያው ነገር ሊደገም ነው አሉ። ቡድኑ ግን አልተደናገጠም፤ ከእረፍት መልስ ቀስ በቀስ ደረሰበትና 71 ለ 56 አሸነፈ። በዚህ ጊዜ የተሰበረው እጁ የዳነለት ሃንተር ሜዳ ላይ ነበረ።

ቀጥሎ ኦክላሆማን፣ ከዚያም ኦሪገንን 53 ለ 49 አለፉ። ማርች 30 ከፐርዱ ጋር ሲጫወቱ ሰዓቱ ሊያልቅ 5.9 ሴኮንድ ሲቀረው በሁለት ነጥብ ይመሩ የነበሩት ፐርዱዎች ናቸው። ጄሮም የቅጣት ውርወራውን ሳተ። ኳሱን ማማዲ ዲያኪቴ፣ ከጊኒ የመጣው አፍሪካዊ ልጅ፣ በጣቱ ጫፍ ወደ ኋላ መታው፤ ራቅ ብሎ በራሳቸው ሜዳ ወደቀ። ኪሄይ ክላርክ የሚባለው፣ ከቡድኑ አጭሩና ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው፣ ሮጦ ደረሰበት፤ ራሱ ሊወረውር ሳይሞክር ርቆ ለቆመው ዲያኪቴ አቀበለው። ዲያኪቴ ወረወረ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ኳሱ ቅርጫቱ ውስጥ ገባ። 70 ለ 70። በተጨማሪ ሰዓት 80 ለ 75 አሸነፉ።

ኤፕሪል 6 ቀን በሚኒያፖሊስ ከኦበርን ጋር በግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። 62 ለ 60 እየተመሩ፣ 0.6 ሴኮንድ ሲቀር፣ ካይል ጋይ ባለ ሦስት ነጥብ ሲወረውር ጥፋት ተፈጸመበት። ሦስት የቅጣት ውርወራ። ከዓመት በፊት ስለ ጭንቀቱ የጻፈው ያው ልጅ በአሥር ሺዎች ፊት ብቻውን መስመሩ ላይ ቆመ። ሦስቱንም አገባ፤ 63 ለ 62። ፈርቶ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ኤፕሪል 8፣ ሰኞ ማታ፣ የፍጻሜው ቀን ደረሰ። ቤኔት በዚያ ቀን ለተጫዋቾቹ የመዝሙር ዘማሪው ቶሬን ዌልስ የዘመረውን፣ ስሙ ተራሮችና ሸለቆዎች የሚል ትርጉም ያለውን መዝሙር አሰማቸው። በሸለቆም በተራራም ያሉት እነርሱ ራሳቸው ስለሆኑ ይገባቸዋል ብሎ ይሆናል። ከቴክሳስ ቴክ ጋር ሲጫወቱ 12 ሴኮንድ ያህል ሲቀር በሦስት ነጥብ ተመሩ፤ ሃንተር ከማዕዘን ባለ ሦስት ነጥብ አግብቶ አቻ አደረገ። በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ 77 አሸነፉ። ሃንተር፣ በሻርሎት ምሽት እጁን አሥሮ የተቀመጠው፣ 27 ነጥብ አስቆጠረ። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የመጀመሪያው የወንዶች ቅርጫት ኳስ ዋንጫ ነው። ከውርደቱ ምሽት እስከዚህ ምሽት 388 ቀናት አለፉ።

እዚህ ላይ ብናቆምና «አያችሁ፣ የሚታገሥ ዋንጫ ይበላል» ብንል ደስ የሚል ስብከት ይወጣው ነበር። ነገር ግን ልባችን አልፈቀደልንም፤ ምክንያቱም ያቺ እህታችን አብራን ተቀምጣለች።

እስቲ አንድ ነገር አብረን እንጠይቅ። የዲያኪቴ ኳስ የቅርጫቱን ጠርዝ መትታ ብትወጣስ? በኦበርን ጨዋታ የመጨረሻ ሴኮንዶች ጄሮም ኳሱን ደግሞ ያነጠረበት ጥፋት ሳይነፋ አልፏል፤ ዳኛው ቢነፋውስ? ዋንጫው የተንጠለጠለው በእነዚህ ክሮች ላይ ነበር። ኳሷ ብትወጣ ኖሮ የቤኔት ትሕትና ሐሰት ይሆን ነበር? በሻርሎት አሸናፊዎቹን ማመስገኑ ዋጋ ያጣ ነበር? ጋይ ጭንቀቱን ወደ ብርሃን ማውጣቱ ከንቱ ይሆን ነበር? አይሆንም። በ388ቱ ቀናት ውስጥ የተሠራው ነገር ኳሷ ሳትወረወር ተሠርቶ አልቋል።

ከዚያ ወዲያ የሆነውም ይህንኑ ያስተምራል። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ በቤኔት ዘመን ቨርጂኒያ በዚህ ውድድር አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። በ2021 በኦሃዮ፣ በ2023 በፈርማን በአንድ ነጥብ፣ በ2024 በኮሎራዶ ስቴት 67 ለ 42 ተሸነፈ። ሰውየው ያው ነው፤ ምሰሶዎቹም ያው አምስቱ ናቸው።

ደግሞም ፐርዱን አስቡ። ያ በዲያኪቴ ኳስ የተሸነፈው ቡድን በ2023 1ኛ ሆኖ ገብቶ በ16ኛው ፌርሌይ ዲኪንሰን 63 ለ 58 ተሸነፈ። በውርደቱ የቨርጂኒያ ጓደኛ ሆነ። በዓመቱ ተነሥቶ እስከ ፍጻሜው ሄደ፤ በዚያም ዩኮን 75 ለ 60 አሸነፈው። ያው ውድቀት፣ ያው መነሣት፣ ዋንጫው ግን የለም። መታገሥ ዋንጫ የሚገዛ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ፐርዱም ከፍሎ ነበር።

ጌታ ከጴጥሮስ ጋር ያደረገውን እዩ። ጴጥሮስ የወደቀው በሰው ፊት ነው፤ በከሰል እሳት ዙሪያ፣ ሦስት ጊዜ። ዮሐንስ በምዕራፍ 21 ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲጠብቃቸው የከሰል እሳት ተነጥፎ እንደነበር ይነግረናል። ጌታ ነገሩን ሸፍኖ አላለፈውም። ወደዚያው ሽታ፣ ወደዚያው ቁጥር መለሰው፤ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ጴጥሮስም አዘነ። ግን ጥያቄው ለምን ካድኸኝ የሚል አልነበረም፤ ትወደኛለህን የሚል ነበር። ከዚያም በጎቹን ሰጠው።

ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። ጌታ ለተመለሰው ጴጥሮስ የሰጠው ተስፋ በሚሸመግልበት ጊዜ ሌላ ሰው አስታጥቆ ወደማይወደው ስፍራ እንደሚወስደው ነው። በምን ዓይነት ሞት እግዚአብሔርን እንደሚያከብር ነገረው። የጴጥሮስ መነሣት መጨረሻው አደባባይ ላይ የሚነሣ ዋንጫ አይደለም። ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ግን ጌታ ራሱ ዓሣ ጠብሶ፣ እንጀራ አቅርቦ፣ ኑና ብሉ ብሎት ነበር። ጴጥሮስ ምንም ሳያሳካ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክም አንዲት ዓሣ እንኳ ሳይዝ፣ ቁርሱ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

ቤኔት ከዋንጫው በኋላ ያደረገው አንድ ነገር አለ። በሴፕቴምበር 2019 ዩኒቨርሲቲው ደመወዙን ሊጨምርለት ሲል አልቀበልም አለ። የሚበቃኝ አለኝ ብሎ ገንዘቡ ለረዳቶቹና ለፕሮግራሙ እንዲውል ጠየቀ፤ ከባለቤቱም ጋር ተጫዋቾች ከኳስ በኋላ ለሚኖራቸው ሕይወት ለሚያዘጋጅ ሥራ 500,000 ዶላር ሰጠ። በኦክቶበር 2024፣ የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ለአሁኑ አሠራር የምመጥን ሰው እኔ አይደለሁም ብሎ በፈቃዱ ሥራውን ለቀቀ። ዋንጫ ቢይዝም እጁ ያልጨበጠበት ሰው፣ ዋንጫ ባጣም ጊዜ ባዶ አይሆንም። በ2025 ደግሞ ቨርጂኒያ አዲስ ዋና አሠልጣኝ ቀጠረ፤ ራያን ኦደም ይባላል። ያን የሻርሎት ምሽት ዩኤምቢሲን ይመራ የነበረው እርሱ ነው። አባቱም በልጅነቱ ዘመን የቨርጂኒያ ረዳት አሠልጣኝ ነበሩ። ያዋረዳቸውን ሰው በክብር ጠርተው ቤታቸውን ሰጡት።

እህታችን እስከ ዛሬ ፈቃዱን አላገኘችም። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ረዳት ሆና ትሠራለች። ሌሊት ተረኛ ስትሆን፣ እንቅልፍ እምቢ ያላቸውን አዛውንት እጃቸውን ይዛ ትጸልይላቸዋለች። አማርኛ አይሰሙም፤ ግን «ያንን ነገር በይልኝ» ይሏታል። አንድ ቀን አንዱ ወጣት «እትዬ፣ እንደገና አትፈተኚም?» አላት። «እፈተናለሁ፤ እያጠናሁ ነው» አለችው። «ብወድቅም አርብ የት እንደምመጣ አውቃለሁ።»

እኛም ለእናንተ የምንመኘው ይህንን ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል ዛሬ በሁለቱ ምሽቶች መካከል የምትኖሩ እንዳላችሁ እናውቃለን። የሻርሎቱ ምሽት አልፏል፤ ሚኒያፖሊስ ይምጣ አይምጣ አታውቁም። ምናልባት ዋንጫው ይመጣል፤ ከመጣ አብረናችሁ እልል እንላለን። ምናልባትም እንደ ፐርዱ እስከ ደጃፉ ደርሳችሁ ትመለሱ ይሆናል። በሁለቱም ቢሆን በባሕሩ ዳር እሳት አንድዶ የሚጠብቃችሁ ጌታ አንድ ነው። ከሰው ዓይን አትሽሹ፤ ወደ ኅብረታችሁ ሂዱ። በኅብረታችሁ ውስጥ የወደቀ ሰው ካለም፣ እንደ አባታችን ምን እንዳለ ጠይቁትና ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

እንጸልይ፦

አባት ሆይ፣ በሰው ፊት ላፈሩት ልጆችህ እንለምንሃለን። ውጤት ለቀረባቸው፣ በር ለተዘጋባቸው፣ ስማቸው መሳቂያ ለሆነባቸው ቅረብ። ዋንጫውን ብትሰጠን እጃችን እንዳይጨብጥበት፣ ብትከለክለን ልባችን እንዳይመርብህ ጠብቀን። ጉባኤዎቻችንን የወደቀ ሰው ቀና ብሎ የሚገባባቸው ቤቶች አድርጋቸው። ለጴጥሮስ ቁርስ ባዘጋጀው በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ለውይይት፦ በኅብረታችሁ ያልተመለሰ ጸሎት ያለበት ሰው የሚናገርበት ሰዓት አለ? በዚህ ሳምንት «አይዞህ» ወይም «አይዞሽ» ልትሉት የሚገባ ሰው ማን ነው?

ጌታ ይባርካችሁ።